«በቀን ሃያ ክኒን አይበዛም ወይ?» የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት እና የደከመ ኩላሊት

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው 50 ኪሎ። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፣ ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። ቅዳሜ ጠዋት በቀኝ ጎናቸው ከጀርባ እስከ ጡታቸው ሥር ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። እሑድ ክሊኒክ ወሰድናቸው፤ አልማዝ ባለጭራ ነው ተብሎ አሲክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን ታዘዘላቸው። መድኃኒት ቤት ያገኘነው ባለ 200ውን ስለነበር «አራት አራት ክኒን ይውሰዱ» አሉን። በቀን ሃያ ክኒን በጣም በዛብንና አንድ አንድ፣ በቀን አምስት ጊዜ እየሰጠናቸው ነው። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ እየወሰዱ ነው። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ትታው የሄደችው ባለ 1 ግራም ቫልትሬክስ ቤት አለ፤ እሱን ብንደርብላቸውስ? ከሦስት ወር በፊት ክሬቲኒናቸው 1.8 ሆኖ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብለው ነበር። አሁን ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ነፍሰ ጡር ምራታቸው አብራን ትኖራለች። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ምን እናድርግ?

ምላሽ፦ አንድ አንድ ክኒን መስጠቱን ዛሬ ማታውኑ ያቁሙ። ወደ ሃያውም ግን አይሂዱ። የጻፉልኝ የኩላሊት ቁጥር አሁንም ያው ከሆነ ለእናትዎ የሚስማማው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ አራቱን ክኒን በአንዴ፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በቀን አሥራ ሁለት፣ በሰባት ቀን 84 ክኒን ማለት ነው። ቫልትሬክሱ አይደረብም። ዳይክሎፌናኩ ይቁም። ነገ ጠዋት ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ቆሻሻ) እንደገና ይለካ፤ ውጤቱም መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም ይድረስ።

አንዷ ክኒን ለምን እንደማትበቃ ልጀምር። 200 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ የሚባል አወሳሰድ በእርግጥ አለ፤ የታሰበው ግን ለሌላ በሽታ ነው። የብልት ሄርፒስ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ሰው በዚያ መጠን፣ ወይም በ400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይታከማል። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ ብዙ ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ የሚያሽበት ቁስልም አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ሥራ ነው፤ እሱም በትንሽ መጠን ይያዛል። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ግን የዚያ ቫይረስ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም። እሱን ለመግታት ደም ውስጥ በጣም ከፍ ያለ የመድኃኒት መጠን ያስፈልጋል። ችግሩ ደግሞ አሲክሎቪር በሆድ በኩል ሲሰጥ እጅግ ትንሹ ነው ወደ ደም የሚገባው፤ ከመቶ ከ10 እስከ 20 እጅ ያህል ብቻ። ከአንዷ ባለ 200 ክኒን ውስጥ ደም የሚደርሰው ቢበዛ 40 ሚሊ ግራም ነው። መጠኑ ሲጨምር ደግሞ ሆድ የሚያሳልፈው ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ አራት ክኒን በአንዴ መዋጥ የአንዷን አራት እጥፍ ወደ ደም አያስገባም። ብዛቱ የሚያስፈራው መዳፍ ላይ ሲታይ ነው። ባለ 400 ወይም ባለ 800 ክኒን ቢገኝ ኖሮ ይህ ጥያቄ ራሱ ባልተነሳ ነበር።

ጊዜው ለምን እንደሚያጣድፍ የሚገባን መድኃኒቱ የሚሠራበትን መንገድ ስናውቅ ነው። አሲክሎቪር ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደተኛ ነው። የሚቀሰቅሰው ቫይረሱ ራሱ የሚያመርተው ኢንዛይም ነው፤ ጤነኛ ሴልን ብዙም የማይጎዳው ለዚህ ነው። ከተቀሰቀሰ በኋላ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግደዋል። የተባዛውን አይገድልም፣ ነርቭ ሥር የተኛውን አይነቅልም፣ የቆሰለውን ነርቭም አይጠግንም። ስለዚህ ዋናው ጥቅሙ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለእናትዎ ያ ገደብ ነገ ማክሰኞ ጠዋት ያበቃል። ገደቡ ያለፈበት ሰው ተስፋ ይቁረጥ ማለት አይደለም፤ አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ እየወጣ ከሆነ፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ከሆነ ከዚያ በኋላም ይሰጣል። የአሲክሎቪር ቅባት ግን ክኒኑን አይተካም፤ ውጊያው ነርቭ ውስጥ ስለሆነ ለአልማዝ ባለጭራ ቆዳ ላይ መቀባት ገንዘብ መጨረስ ነው። አሞክሲሲሊንም ቫይረስን አይነካም፤ ቁስሉ መግል ካልያዘ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ኩላሊቱ። «ትንሽ ከፍ ብሏል» የተባለው 1.8 ትንሽ አይደለም። ክሬቲኒን ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋና ክብደታቸው በቀለለ ሴቶች ላይ። መድኃኒት ለመመጠን የሚሠራበት ስሌት እንዲህ ነው፦ ከ140 ላይ ዕድሜን ይቀንሱ፣ በኪሎ ያባዙ፣ ከዚያ 72 በክሬቲኒን ተባዝቶ በሚመጣው ቁጥር ያካፍሉ፤ ለሴት ከሆነ ውጤቱን በ0.85 ያባዙ። የእናትዎን እናስላ። 140 ሲቀነስ 67፣ 73 ነው። 73 በ50 ሲባዛ 3650። 72 በ1.8 ሲባዛ 129.6። 3650 ለ129.6 ሲካፈል 28 ከምናምን፤ በ0.85 ሲባዛ 24 ገደማ። በደቂቃ 24 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚያጣራ ኩላሊት ማለት ነው። ውጤቱ በማይክሮሞል የተጻፈ ከሆነ፣ ለምሳሌ 159፣ መጀመሪያ በ88.4 ያካፍሉት።

አሲክሎቪር ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በኩላሊት ነው። ማጣሪያው ከ25 በላይ ለሆነ ሰው 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ ይሰጣል፤ ከ10 እስከ 25 ለሆነ በየስምንት ሰዓቱ፤ ከ10 በታች ለሆነ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ በሦስቱም የሚለዋወጠው ክፍተቱ ነው እንጂ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው መጠን አይደለም። ስለዚህ የነገው ምርመራ ምንም ይዞ ቢመጣ የዛሬ ማታው የመጀመሪያ ዙር ያው አራት ክኒን ነው፤ ውጤት እስኪመጣ ብሎ ጊዜ ማቃጠል አያስፈልግም። ሰባቱንም ቀን የሚቆጥሩት ከዚህ ዙር ጀምሮ እንጂ አንድ አንድ ከተሰጠበት እሑድ አይደለም። ቁጥራቸው ድንበር ላይ መሆኑንም አልደብቅም፤ ክሬቲኒናቸው 1.7 ቢሆን ስሌቱ 25ን በጥቂቱ ያልፋል። በዚህ ዕድሜ፣ በስኳር ላይ፣ ዳይክሎፌናክ ሲወሰድ ሰንብቶ፣ እኔ በድንበር ላይ ሳለሁ ዝቅተኛውን እመርጣለሁ። ነገ ከ1.8 ከፍ ብሎ ከመጣ ግን ነገሩ ከቤት ወጥቷል፤ ሐኪም ሳያይ ቀጣዩ ዙር አይሰጥ።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4 ቢሆን ይመቻል። ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ቢወሰድ ለውጥ የለውም። አንድ ዙር ከተረሳ እንደታወሰ ይሰጥ፤ የሚቀጥለው ከደረሰ ግን የተረሳው ይተው፣ ስምንት ክኒን በአንድ ላይ አይሰጥ። (ጤነኛ ኩላሊት ኖሯቸው አምስት ጊዜ ለታዘዘላቸው አንባቢዎች፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4። ሌሊት መነሳት አያስፈልግም።)

ከክኒኑ እኩል የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። አሲክሎቪር ውሃ ውስጥ እንደልብ የሚሟሟ መድኃኒት አይደለም። ሽንት ሲወፍር በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል እየሆነ ይረጋል፤ ቱቦው ይደፈናል፤ ማጣሪያው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ራሱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ ሳይቀምሱ፣ ኢናላፕሪል ወስደው፣ በላዩ ዳይክሎፌናክ ጨምረው ይህን መድኃኒት ሙሉ መጠን ቢጀምሩ ኖሮ ኩላሊታቸውን ከአራት አቅጣጫ ነበር የምትመቱት። ሰዓቱን ለጾም ብሎ ማሸጋሸግም አይሠራም፤ የጠዋቱም የስምንት ሰዓቱም ዙር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው። በደንብ የሚጾሙ እናቶች ይህን ከልጅ ቃል ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ሲሰሙት ይቀበሉታል፤ ለታመመ ሰው የሚሉትን ያውቃሉና ዛሬውኑ ይደወልላቸው። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ በቀን በጠቅላላው ስምንት ብርጭቆ ገደማ ውሃ፣ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ፣ ወይም አጥሚት ይጠጡ። የልብ ድካም ያለበት ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ግን የውሃውን ልክ ከሐኪሙ ይውሰድ። ሽንቱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ከቀጠለ በቂ ነው፤ ጠቆር ካለ ወይም ከወትሮው በጣም ካነሰ አይደለም።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ በክኒንም በመርፌም፣ ለእናትዎ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ናቸው። «መርፌው ይሻለኛል» ቢሉም ያው ነው፤ መርፌ በሆድ በኩል ባያልፍም ኩላሊትን አይምርም። በምትኩ ፓራሲታሞል ከ500 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ በቀን ከ3 ግራም ሳይበልጥ። ለጨጓራ ሲሜቲዲን የሚወስዱ ከሆነ እሱም አሲክሎቪርን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋልና ለሐኪሙ ይነገር። ሜትፎርሚኑም በዚህ የኩላሊት ደረጃ መቀነስ ወይም መቆም ይኖርበት እንደሆነ ነገ በዚያው ይጠየቅ፤ ይህ ጥያቄ ከሦስት ወር በፊት መነሳት ነበረበት።

ቫልትሬክስ ሌላ መድኃኒት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ውስጡ ያለው ቫላሲክሎቪር ነው፤ ተውጦ በአንጀትና በጉበት ሲያልፍ የሚለወጠው ወደዚያው ወደ አሲክሎቪር ነው። ልዩነቱ አገባቡ ላይ ነው፤ ከመቶ ከ50 በላይ እጅ ወደ ደም ስለሚገባ ከአሲክሎቪር ክኒን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ የሚሆን መጠን በደም ውስጥ ያደርሳል። ለዚህም ነው ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ የሚወስደው። ሁለቱን መደረብ አንድን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መስጠት ነው። የማጣሪያ ቁጥሩ ከ10 እስከ 29 ለሆነ ሰው ቫላሲክሎቪር 1 ግራም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪማችሁ በሃያው ፈንታ ይህን ቢመርጥ አልቃወምም፤ እንዲያውም በቀን አንድ ክኒን ለአረጋውያን ይቀላል። ግን ከሁለቱ አንዱ ይመረጥ፣ ያኛው ከቤት ይውጣ። ከውጭ የመጣ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን፣ እያንዳንዱ ክኒን 500 ወይም 1000 ሚሊ ግራም መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ።

መድኃኒቱ በዛ የሚባለው በምን ይታወቃል? ማቅለሽለሽ፣ መለስተኛ የራስ ምታትና ተቅማጥ የተለመዱ ናቸው፤ አያስደነግጡም። የሚያስደነግጠው ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ነው። ኩላሊቱ በደከመ አረጋዊ ላይ በመጀመሪያዎቹ አንድ እስከ ሦስት ቀናት ውስጥ መቃዠት ይጀምራል፤ ሰው በሌለበት ሰው አየሁ ይላሉ፣ ንግግራቸው ይኮላተፋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ ወይም እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ቤተሰብ ይህን «ዕድሜ ነው»፣ «ሕመሙ አናታቸው ላይ ወጣ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ አንዳንዱም በቀጥታ ወደ ፀበል ይወስዳል። ፀበሉ ይደርሳል። በቅድሚያ ስኳራቸውን ይለኩ፣ ምግብ ሳይበሉ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ያቁሙና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሷቸው፤ የክኒኑን መያዣ ይዘው ይሂዱ፣ በቀን ስንት እንደወሰዱም ይናገሩ። ቫይረሱ ራሱ ወደ አንጎል ሄዶም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። ከመድኃኒቱ የመጣው መጠኑ ሲወርድ በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ በጠናበት ጊዜ በኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ይወጣል። ሽንት መቀነስና የጎን ውጋትም በዚያው ቀን የሚያስኬዱ ናቸው።

ሽፍታው ግንባር ወይም የዓይን ቆብ ላይ፣ በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣበት ሰው ከዚህ ጽሑፍ መጠን እየቀዳ ቤቱ አይቀመጥ፤ ዓይን ሊጠፋበት ይችላልና በዕለቱ የዓይን ሐኪም ይየው። ጆሮ ላይ ወጥቶ ፊት ካጣመመም እንደዚሁ። ከአንድ ጎን አልፎ መላ ሰውነት ላይ የተበተነ ሽፍታ በክኒን አይታከምም፤ በደም ሥር ነው።

ሰፈሩ የሚያወራውንም አንድ በአንድ እናንሳ። አልማዝ ባለጭራ ነፍሳት ሄዶበት ወይም ሸረሪት ሸንቶበት አይወጣም። እናትዎ በልጅነታቸው ጉድፍ ወይም ቺክንፖክስ የምንለው ወጥቶባቸው ሲድን ቫይረሱ ከጀርባ አጥንት አጠገብ ነርቭ ሥር ተኝቶ ኖሯል፤ ዕድሜና ስኳር መከላከያውን ሲያደክሙት በዚያው ነርቭ መስመር ወረደ። በአንድ ጎን፣ በቀበቶ መልክ መውጣቱም ለዚህ ነው። ኤችአይቪ አለባቸው ማለትም አይደለም፤ በ67 ዓመት ይህ የተለመደ ነው። ከ50 በታች የሆነ ሰው ላይ ሲወጣ ግን ምርመራ እንዲደረግ ሁልጊዜ እመክራለሁ፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ቴኖፎቪር ይወስድ እንደሆነ አስቀድሞ ይናገር፣ እሱም ኩላሊት ላይ ይጫናልና። ቁስሉን በእሳት መተኮስ፣ ቅጠል ጨቅጭቆ መለጠፍ፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት ጠባሳና መግል ያተርፋል። በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቢሸፈን ይበቃል።

ለእናትዎ ምራት መጠንቀቁ ተገቢ ነው። ከእናትዎ አልማዝ ባለጭራ አይጋባባትም፤ ከሚፈሳቸው ውሃ ግን፣ ጉድፍ ወጥቶባት ወይም ተከትባ የማታውቅ ከሆነ፣ ጉድፍ ሊይዛት ይችላል፤ እርግዝና ላይ ደግሞ ጉድፍ ቀላል አይደለም። ቁስሉ ሁሉ ቅርፊት እስኪይዝ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ቁስሉን ሌላ ሰው ይጠብ፣ ፎጣና አንሶላ ይለይ። ቁስሉን ነክታ ከሆነና በልጅነቷ መውጣቱን ካላወቀች ነገ የእርግዝና ክትትሏ ጋ ትንገራቸው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ሕመሙ ከክኒኑ በኋላም ሊቆይ እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። ፀረ ቫይረሱ ሽፍታውንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስቃይ ያሳጥራል እንጂ ወራት የሚቆየውን የነርቭ ሕመም እንደሚያስቀር እርግጠኛ ማስረጃ የለም። የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፣ ልብስ ሲነካው የሚያስጮህ ሕመም ፓራሲታሞል አይበግረውም። ለእሱ በዝቅተኛ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ማታ 10 ሚሊ ግራም፣ የሚጀመር አሚትሪፕቲሊን፣ ወይም ለኩላሊታቸው ተቀንሶ የሚታዘዝ ጋባፔንቲን አለ፤ ሁለቱም ያደነዝዛሉና ሌሊት ሲነሱ ሰው ይደግፋቸው። ፕሬድኒሶሎን «ቶሎ ያደርቀዋል» ብሎ የሚያመጣ ሰው ካለ ይመልሱት፤ የነርቩን ሕመም አያስቀርም፣ ስኳራቸውን ግን ይሰቅለዋል።

ቁስሉ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሊደርቅ ይችላል፤ ክኒኑ ግን ሰባቱን ቀን ይሙላ። ክሬቲኒኑን ነገ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን ይድገሙት። በሰባተኛው ቀን አዲስ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አሁንም የሚወጣ ከሆነ በራስዎ አያራዝሙ፤ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፣ እስከ አሥር ቀን መቀጠሉን የሚወስነው የዚያን ቀን የኩላሊት ውጤት ነው።